መንገድ የሌለው ኪሎ ሜትር

ጋሽ ሜትር የሞቱት ዓይናቸውን ጨፍነው ሊወርዱት በሚችሉት ቁልቁለት ላይ ነው። አስፋልቱ ደረቅ፣ ማለዳው ብሩህ፣ ብስክሌቱ እንከን የለሽ፣ ሰውየው ደግሞ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በዚያ መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ የድሮ ተወዳዳሪ። እንዲህም ሆኖ አንድ ወተት የሚያመላልስ ሹፌር ከኩርባው ድንጋይ ሥር ተዘርረው አገኛቸው። ጭንቅላታቸው ተሰንጥቋል። ብስክሌቱ ግን ከመንገዱ ዳር ባለው የብረት አጥር ላይ በወጉ ተደግፎ ቆሟል። የወደቀ ሰው ተነስቶ፣ ብስክሌቱን አስደግፎ፣ ተመልሶ አይሞትም። ስለዚህ ፖሊስ «እዚህ ቦታ ሌላ ሰው ነበረ» አለ። በዚህ እንኳ አልተሳሳተም።

ጋሽ ሜትር የተባሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የማይለኩት ነገር አልነበረም። ሲያገቡ የሙሽራይቱን ጣት ለቀለበት ሁለት ጊዜ ለክተዋል ይባላል። ባለቤታቸው ሲጠየቁ «ውሸት ነው፣ ሦስቴ ነው» ይላሉ። በብስክሌታቸው መሪ ላይም ሁለት መቁጠሪያ ጎን ለጎን ያስሩ ነበር። አንደኛው አሮጌ ነው፤ የፊት ጎማው ሽቦ ላይ የታሰረች ትንሽ ማግኔት ባለፈች ቁጥር አንድ ዙር እያለ ይቆጥርና፣ ዙሩን በጎማው ልክ አባዝቶ ርቀቱን ይናገራል። ሁለተኛው ትልቁ ልጃቸው የሰጣቸው ጂፒኤስ ነው። እሱ ጎማ ዞረ አልዞረ ደንታ የለውም፤ ከሳተላይት ጋር እየተነጋገረ የተሄደበትን መንገድ ብቻ ይከተላል። በቤቱ ቋንቋ አሮጌው «የምድሩ»፣ አዲሱ «የሰማዩ» ይባላሉ። ጋሽ ሜትር ሁለቱን ለማስታረቅ ጎማውን በኖራ መስመር ላይ ሲያንከባልሉ ከርመው በመጨረሻ ተሳካላቸው። «ሰማይና ምድር የተስማሙት እኔ ቤት ብቻ ነው» እያሉ ለመጣው ሁሉ ይፎክሩ ነበር።

በሞቱበት ማለዳ ግን ሁለቱ አልተስማሙም። የሰማዩ ከቤታቸው በር እስከ ኩርባው ያለውን ርቀት ልክ ልኩን ይናገራል። የምድሩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ጨምሮ ቁጭ ብሏል። ትልቁን ልጃቸውን እስር ቤት ያስገባችው ይህች ትርፍ ኪሎ ሜትር ናት።

መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ከመሄዱ በፊት እንድታየው ከዋናው ቢሮ አንዲት መርማሪ ተላከች። ወፈር ያለች፣ ግራ ጉልበቷን የሚያማት፣ ከረሜላ ከአፏ የማይለይ ሴት ናት። አብረዋት የሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ሰው ሲዋሻት ከረሜላውን መምጠጥ ታቆማለች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የሟቹ ባለቤት በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ እማማ።»

«አልቀመጥም። ተቀመጭ፣ ጠብቂ፣ ነገ ነይ ሲሉኝ ነው የሰነበቱት። ባሌን መልሺልኝ አልልሽም፤ እሱስ ሄዷል። ልጄን መልሺልኝ።»

«እኔ የምመልሰው ጥያቄ ነው እንጂ ልጅ አይደለም። መልሱ ደግሞ ደስ የሚል ላይሆን ይችላል።»

«የምን ደስታ አመጣሽብኝ! ትልቁ ልጄ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ነው። አባቱን አልገደለም። አንቺ እውነቱን ብቻ አውጪ፤ እውነቱ ሲወጣ ልጄም አብሮ ይወጣል።»

መርማሪዋ የሴትየዋን እጆች አየች። መቀነታቸውን እየጠቀለሉ ይፈቱታል፣ እየፈቱ ይጠቀልሉታል።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ከቤት ሲወጡ ሁለቱን መቁጠሪያዎች ምን ያደርጓቸው ነበር?»

«በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱንም እኩል ዜሮ ያደርጋል። ሳያደርግ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀንም ቆሜ ሳየው ነበር፤ 'ሰማይም ዜሮ፣ ምድርም ዜሮ' ብሎኝ ሄደ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «የመጨረሻ ቃሉ ዜሮ ይሁን? አሁን ይሄ ስንብት ነው?»

መርማሪዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ከረሜላ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ተቀብለው ሳይበሉት ያዙት።

ሃምሳ አለቃው ኩርባው ላይ ይጠብቃት ነበር። ገዳዩን የያዘው እሱ ነውና ደረቱ ከሆዱ ቀድሞ የሚታየው በዚያ ሳምንት ብቻ ነው።

«ይኸውልዎ አለቃ፣ እዚያ ማዶ አሸዋ ማውጫው ይታይዎታል? ከአስፋልቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ግማሽ ሲገባ፣ ግማሽ ሲወጣ፣ ስንት ይሆናል?»

«አንድ። እስከዚህ ድረስ ተምሬያለሁ።»

«ትልቁ ልጅ ቀያሽ ነው፤ ጂፒኤስ የዕለት እንጀራው ነው። ማታ እራት ላይ ከአባቱ ጋር ተጨቃጭቋል። ጠዋት መኪናው ወደ አሸዋው በሚያስገባው መገንጠያ ላይ ቆማ ታይታለች። 'ኑ እናውራ' ብሎ ወደ አሸዋው ይዟቸው ሲገባ የሰማዩን አጠፋው። የምድሩ ግን ማጥፊያ የለውም፤ ጎማ ከዞረ ይቆጥራል። እዚያ በድንጋይ መታቸው። ሬሳውን በመኪና አመጣ፣ ብስክሌቱን ተመልሶ እየገፋ አመጣ፣ የሰማዩን መልሶ አበራና አደጋ አስመሰለው። የምድሩን ረሳው። በቃ፣ ተያዘ!»

«መኪናው ውስጥ ደም አገኛችሁ?»

«አላገኘንም። አጥቦታል ማለት ነው።»

«ብታገኙ ገድሏል፣ ባታገኙ አጥቧል። አይ ሃምሳ አለቃ! አንተ የያዝከው ሰው በየት በኩል ይውጣ?» ከረሜላዋን ወደ ሌላኛው ጉንጯ አዞረች። «ቁጥሩን ያነበበው ማነው?»

«እኔ ራሴ። ብስክሌቱ ሳይነካ፣ እዚሁ እንደቆመ ፎቶ አንስቻለሁ።»

«ይሄን እንኳ ደግ አድርገሃል።»

ከኩርባው ከፍ ብሎ አስፋልቱ ላይ አንድ ቀጭን ነጭ ጭረት ነበር። ቁልቁል ይወርድና፣ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ብሎ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ይቆማል። መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች ቁጢጥ አለችና በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄስ?»

«ጭረት ነዋ አለቃ። መንገድ መቼም ይቧጨራል።»

መርማሪዋ ጣቷን ጠርጋ ተነሳች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄዳ ብስክሌቱን አስወጣች። የመሪው አንድ ጫፍ ተፍቋል፣ ፔዳሉ ጎብጧል፣ ኮርቻው በጎኑ ተቀዷል። የፊት ጎማው ብቻ፣ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ምንም አልሆነም። ብረቱን ዙሪያውን በጥፍሯ ሞከረችው፤ ልስልስ ያለ ነው። «አንተ ደግሞ ሰርግ ቤት ነበርክ እንዴ?» አለችው ጎማውን። ሃምሳ አለቃው ለእሱ የተናገረች መስሎት «አልነበርኩም» አለ።

ትልቁ ልጅ በእስር ክፍሉ ጥግ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ሸሚዙ ግን እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

«ማታ በምን ተጣላችሁ?»

«ብስክሌቱን ይተዉት ብዬ ለመንኳቸው። ዕድሜያቸው ሄዷል፣ ልባቸውም ደህና አይደለም። 'አንተ መሬት ትለካለህ እንጂ አትረግጣትም' አሉኝ። እኔም ክፉ ተናገርኳቸው።»

«ጠዋትስ?»

«ይቅርታ ልጠይቅ መገንጠያው ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። እጄን ሳነሳ በእጃቸው 'ሂድ ወዲያ' ብለውኝ አለፉ። ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ አንዴ ከገቡበት ማንም አይደርስባቸውም። ይቅርታውን ዋጥ አድርጌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው፣ እመቤቴ። አንዴ እንኳ ዞረው ቢያዩኝ ምናለበት?»

«ከእሳቸው ኋላ ማን አለፈ?»

«ማንም።»

ከረሜላው ቆመ።

«መኪና? እግረኛ? ብስክሌት?»

«ማንንም አላየሁም አልኩሽ እኮ! ሺህ ጊዜ ብትጠይቂኝ ማንንም አላየሁም!»

እስካሁን «እመቤቴ» ሲላት የነበረ ጨዋ ልጅ አንቱታውን ጣለው። መርማሪዋ ይህን ልብ አለች እንጂ አልተቆጣችም። ይልቅስ ሆዷ ባባ፤ እንዲህ ያለ ውሸት ራሱን ለማዳን የሚዋሽ ሰው ውሸት አይደለም።

«ለመሆኑ የብስክሌት ጎማ መቀየር ትችላለህ?»

«የመኪናዬንም ሰው ነው የሚቀይርልኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ፤ «አባባ የናቁኝ በዚሁ ነው።»

የብስክሌት ክለቡ አሠልጣኝ የጋሽ ሜትር የዕድሜ እኩያና የዕድሜ ልክ ባላንጣ ናቸው። በወጣትነታቸው ጋሽ ሜትር በአንድ ውድድር ቀድመዋቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ሁሉ በሽሙጥ ሆኖ ቀረ። መርማሪዋን በክለቡ መጋዘን፣ ኩርሲ ላይ ተቀምጠው ተቀበሏት።

«ገዳዩ እኔ እንደሆንኩ ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው? እሱን የምገድል ብሆን ያኔ ነበር፣ በጎማ ስፋት የቀደመኝ ቀን። አሁንማ ምን ያደርግልኛል? ከማን ጋር ልኳረፍ?» መሀረባቸውን አወጡ። «ሰው ወዳጁ ሲሞት ይለቀስለታል። የኔ ቢጤው ምን ይባላል?»

«ያን ቀን ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

«ወደኔ ነዋ። በዋዜማው ደውሎልኝ 'ጠዋት እመጣለሁ፤ ከቡድንህ አንድ ልጅ አስወጣሃለሁ' አለኝ። ማንን ብለው 'ይሄ በስልክ የሚነገር አይደለም' ብሎ ዘጋው።»

«ለቡድኑ የሚመርጡት በምንድን ነው?»

«ልጆቹ ሲጋልቡ የቀዱትን የጂፒኤስ መንገድ በስልክ ይልኩልኛል። ዘመኑ ነው፣ ምን ይደረግ።»

«የጋሽ ሜትር ትንሹ ልጅስ?»

አሠልጣኙ መሀረባቸውን አጣጠፉ። «የሚልከውን ካየሽ ነፋስ ነው። አጠገቤ ሲጋልብ ግን ያ ነፋስ የለም። አባቱን ሲያስብ እግሩ ይከብደው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ጥሩ ልጅ ነው። በዚህ አገር እንደሱ ጎማ የሚያስር የለም፤ እኔ ግን መካኒክ አልነበረም የምፈልገው።»

ትንሹ ልጅ ከአባቱ ጋር በብስክሌት መጠገኛው ይሠራል። መጠገኛው የቤቱ የፊት ክፍል ነው፤ መፍቻዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፣ የኋላው ግድግዳ ደግሞ ከአገልግሎት በወጡ ጎማዎች ተሸፍኗል። በዚህ ቤት ጎማ አይጣልም፤ ከነብረቱ ተወልውሎ ይሰቀላል። መርማሪዋ ስትገባ ልጁ መስቀያ ላይ በተንጠለጠለ የደንበኛ ብስክሌት ላይ የፊት ጎማ እያሰረ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል፤ እጁ ግን ሥራውን ያውቃል።

«ሥራህን ቀጥል፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

ጎማውን አሰረ። በኃይል አሽከረከረውና እጁን ሰብስቦ ቆመ። ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ እየዘገየ ዞረ፣ በመጨረሻ ራሱ ቆመ። እንደገና አሽከረከረው፤ አሁንም ራሱ እስኪቆም ጠበቀ። በሦስተኛው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ መሐሉ አስጠጋ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከልጁ ይልቅ መርማሪዋ ነበረች ትንፋሿን የያዘችው።

«ለምንድን ነው ሦስት ጊዜ?»

«አንዱ ለቀኝ ፍሬን፣ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለጆሮ።» ከመጣች ወዲህ መጀመሪያ ፈገግ ያለው እዚህ ላይ ነው። «አባባ ናቸው ያስተማሩኝ። ራሱ እስኪቆም እጅ አይነካውም። ልጅ ሆኜ አንዴ በእጄ ባቆመው ምሳ ከለከሉኝ።»

«ሌላ ቦታም እንዲሁ ነው የሚደረገው?»

«ሌላ ቦታ ማን ጊዜ አለው?»

ከግድግዳው ሥር የልጁ የራሱ ብስክሌት ቆሟል። መሪው ላይ የሰማዩ አለ። ከጎኑ የምድሩ መቀመጫ ባዶ ነው።

«አባትህ በዚህ ቤት ብስክሌት ሁሉ ላይ ሁለቱንም ያስራሉ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«ተበላሽቶ ነው።»

ከረሜላው ቆመ። መርማሪዋ ተሰናብታ ወጣች። በር ላይ እናቲቱ ጠበቋት፤ «ምን አገኘሽ? ልጄ መቼ ይወጣል?» አሏት። መርማሪዋ የዕድሜዋን ግማሽ እንዲህ ባሉ ደጃፎች ላይ ቆማለች፤ የዚያን ቀን ግን ዓይናቸውን ማየት አቃታት።

«ነገ ይወጣል፣ እማማ» አለች ቀስ ብላ።

እናቲቱ እልል ሊሉ ሲሉ ሐዘንተኛ መሆናቸው ትዝ አላቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

በማግስቱ ሁሉም መጠገኛው ውስጥ ተሰበሰቡ። ትልቁ ልጅ እጁ በካቴና እንደታሰረ መጣ፤ እናቲቱ ከጎኑ ተቀምጠው ክንዱን አለቀቁም። አሠልጣኙ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ትንሹ ልጅ መፍቻዎቹ አጠገብ ቆመ። መስቀያው ላይ የጋሽ ሜትር ብስክሌት፣ የፊት ጎማው ወልቆ፣ ሁለቱ መቁጠሪያዎች መሪው ላይ እንዳሉ ተንጠልጥሏል።

«ከመናገሬ በፊት ጎማ እሰሩልኝ» አለች መርማሪዋ። «ሃምሳ አለቃ፣ የልጁን እጅ ፍታለት።»

ትልቁ ልጅ ሞከረ። ጎማውን ገልብጦ ያዘው፣ ጣቱን ቆነጠጠው፣ ተወው። አሠልጣኙ ተነስተው ጠበቅ አድርገው አሰሩ፤ አንዴ በመዳፋቸው መታ አድርገው አዞሩና መልሰው በመዳፋቸው አቆሙት። «በቃ፣ ይሄዳል» አሉ። መርማሪዋ ጎማውን አስወልቃ፣ ሁለቱን መቁጠሪያዎች ዜሮ አደረገች።

«አሁን አንተ።»

ትንሹ ልጅ አሰረ። አሽከረከረ፤ ራሱ እስኪቆም ጠበቀ። ደግሞ አሽከረከረ። በቤቱ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሦስተኛውን አሽከርክሮ ጆሮውን ለማስጠጋት ጎንበስ ሲል ዓይኑ መሪው ላይ አረፈ። እዚያው እንደጎነበሰ ቀረ።

«አንብበው» አለች መርማሪዋ።

አልቻለም። ሃምሳ አለቃው ጠጋ ብሎ አነበበ። «የሰማዩ... ዜሮ። የምድሩ...» ዓይኑን አሸት አድርጎ ደግሞ አየ። «አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው።»

«ይኸው ኪሎ ሜትራችሁ» አለች። «አሸዋ ማውጫ አልሄደም። የትም አልሄደም። የሰማዩ ውሸት አልተናገረም፣ አልጠፋምም፤ ጋሽ ሜትር ከቤታቸው እስከ ኩርባው በቀጥታ ነው የመጡት። የምድሩም አልዋሸም፤ ጎማው በእርግጥ ዞሯል፤ ግን መሬት ሳይነካ፣ አየር ላይ። ቤታቸው በር ላይ ዜሮ አድርገውታል፣ ሃምሳ አለቃ ደግሞ ማንም ሳይነካው አንብቦታል። ስለዚህ የዞረው ኩርባው ላይ ነው፣ ጋሽ ሜትር ወድቀው ሳለ።»

«ማን ነው የሞተ ሰው አጠገብ ጎማ የሚያሽከረክር?» አሉ አሠልጣኙ።

«ጎማ አስሮ የጨረሰ ሰው ነዋ። ጎማ ያሰረ ደግሞ ሌላ ጎማ ፈትቷል። አስፋልቱ ላይ ጎማው ፈንድቶ ባዶውን የወረደ ብረት የጫረው ጭረት አለ፤ ብስክሌቱ ላይ ያገኘነው ጎማ ግን ጭረት የሚባል አልነካውም። ሌላ ሰው ቢሆን የፈነዳውን ገደል ይጥለው ነበር።» ወደ ኋላው ግድግዳ ሄዳ ከተሰቀሉት መሐል አንዱን አወረደች። ላስቲኩ ተቀዷል፣ ብረቱ በአንድ ጎኑ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ተወልውሏል ግን። «በዚህ ቤት ጎማ አይጣልም።»

እናቲቱ የትልቁን ልጃቸውን ክንድ እንደያዙ ነው። ገና አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው እምቢ ብለዋል።

«ያረጀ ጎማ የታሰረላቸው ለምን ነው? አሠልጣኝ፣ ጋሽ ሜትር ከቡድንዎ ሊያስወጡ የነበረው የራሳቸውን ልጅ ነው። የሰማዩን መኪና ላይ ጭኖ መንገድ ማስቀዳት ይቻላል። የምድሩ ግን ጎማ ካልዞረ አይቆጥርም። የልጁ የሰማዩ ተራራ ወጥቶ ሲመጣ የምድሩ ከግቢ አልወጣም። ጋሽ ሜትር ሁለቱን አስተያዩ። ሌላ ምስክር አላስፈለጋቸውም።»

«ማንንም አላየሁም!» ብሎ ጮኸ ትልቁ ልጅ። «ማንም አላለፈም ብያለሁ፣ ማንም! ማን አውጪኝ አለሽ?»

«ወንድሜ፣ ተው» አለ ትንሹ። ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ መናገር ጀመረ። «ጀርባዬ ላይ ጎማ አዝዬ ሳልፍ አይቶኛል። ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው።» እጁን ጨርቅ ላይ ይጠርጋል፣ ደግሞ ይጠርጋል። «ያረጀውን ጎማ ያሰርኩላቸው ሜዳው ላይ ይተነፍሳል ብዬ ነው። ቢበዛ እስከ ድልድዩ። ከኋላ ደርሼ ደህናውን ጎማ አስርላቸዋለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ አንዴ ስሙኝ እላቸዋለሁ ብዬ። ቤት ውስጥ ሰምተውኝ አያውቁም። መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶባቸው፣ እኔን ፈልገውኝ ቢቆሙ ይሰሙኛል ብዬ ነው። እሱ እቴ! ያ የማይረባ ጎማ ሜዳውን ሁሉ ቻለ። ቁልቁለቱ ላይ ፈነዳ።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ግን ከቀድሞው ዝቅ ብሏል።

«ስደርስ ሞተዋል። ጎማውን ሲያዩ ያውቁብኛል አልኩ፤ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አንጠልጥዬ፣ ማግኔቷንም አዛውሬ ቀየርኩት። ማሽከርከሬን እንኳ አላስታውስም። እጄ ነው። እጄ ነው ያደረገው።»

«እንዳለ ብትተወው፣ ጎማ ፈንድቶባቸው ወደቁ ይባልና ያበቃ ነበር» አለች መርማሪዋ። «አደጋውን ግድያ ያስመሰለው፣ ወንድምህ ላይ የጣለውም ያ የቀየርከው ጎማ ነው።»

«አውቃለሁ። ስንት ሌሊት ልናገር ተነስቼ እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ይዞ መሐል ቤት ቆመ። ከትልቁ ልጅ እጅ የፈታው ነው፤ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። ወደ መርማሪዋ አየ፤ ራሷን ነቀነቀች። ትንሹ ልጅ ሁለት እጆቹን ራሱ ዘረጋለት። ትልቁ ሊነሳ ሲል እናቱ ክንዱን ስለያዙት አልቻለም። ወደ ትንሹ ሊሄዱ ፈለጉ፤ ትልቁን ለመልቀቅ ፈሩ። እንዲሁ አንድ እጃቸው ከአንዱ ጋር፣ አንድ እጃቸው ባዶውን ወደ ሌላው ተዘርግቶ ቀሩ።

ትንሹን ልጅ ሲያወጡት አሠልጣኙ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉት። መርማሪዋም ቦርሳዋን አነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን እናቲቱ ጠሯት። አልጮሁም። ትናንት የሰጠቻቸው ከረሜላ እስካሁን በጭብጣቸው ነበርና መዳፋቸውን ከፍተው መለሱላት።

«ልጄን መልሺልኝ አልኩሽ እንጂ» አሉ፤ «ለውጪልኝ መቼ አልኩሽ?»